ጉበት ለኬንጂ ዓይን

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ከጪጩ መጥታ ልጄን ጉበት ጠየቀችው። ሥጋ ቤቱን አሁን የሚያሠራው ልጄ ነው፤ የእኔ ሥራ በር ላይ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን ማማት ሆኗል። ሴትየዋ ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛለች። «ሲመሽ ዓይኗ አያይም፤ ከደጅ ስትገባ ግድግዳ ትዳብሳለች፤ ዳፍንት ነው አሉኝ» አለች። ልጄ የተማረ ነውና ጤና ጣቢያ ውሰጃት ብሎ ሊመክራት ሲጀምር ተነሥቼ ቢላውን ተቀበልኩት። ጤና ጣቢያም ውሰጃት፣ ይህንንም ጠብሰሽ አብያት፣ ሲጠበስም ዓይኗን በእንፋሎቱ አሳጥኛት ብዬ ራሴ ቆርጬ ሰጠኋት። ልጅቷ ጉበቱን አይታ ፊቷን አጨማደደች። ከሄዱ በኋላ ታጠብኩ፤ ሽታው ግን ከጣቴ አልለቅ አለ። ካለፈው የቡና ለቀማ ወዲህ ጉበት በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ልጄ ምክንያቱን ያውቃል፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቀኑን ሙሉ ኬንጂን ሳስብ ዋልኩ።

ኬንጂ ጃፓናዊ ነው። በሀገሩ በዓይነ ስውራን ማራቶን ስሙ የተጠራ፣ ሜዳሊያ በሜዳሊያ የሆነ ሯጭ ነበር፤ አሁን ሩጫውን ትቷል። እኔ የማውቀው ኬንጂ ግን ሁለት ዓይኑ እያየ ዲላ የመጣው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ሊያስተምር የተላከው፣ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየው ቀጭን ወጣት ነው። ዘመኑ መቼ ነበር ብለው ልጆቼ ሲጠይቁኝ «ባጃጅ ሳይወርድብን በፊት» እላቸዋለሁ። ያኔ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰው በእግሩ፣ ዕቃው በጋሪ ነበር የሚሄደው። ዛሬ አንድ ሻይ በሚጠጣበት ብር አንድ ኪሎ ሥጋ፣ አጥንት ተመርቆበት፣ ይገዛ ነበር። ከሥጋ ቤቴ ፊት ለፊት የካሴት ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እየመላለሰ ስለሚያሰማን ሳልወድ በቃሌ ይዤው ሥጋ ስመዝን አንጎራጉረው ነበር። ጎረምሶች ጅንሳቸውን በካውያ ተኩሰው ሱቁ በር ላይ ሲደገፉ ይውላሉ፤ ካሴት የሚገዛ ግን ከመሀላቸው የለም። ኬንጂ በዚያ ሲያልፍ ሕፃናት «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል። እሱ ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጃፓን» ብሎ አርሟቸው ይሄዳል። አንድም ቀን ተቆጥቶ አላየሁትም። በዓመቱ ሕፃናቱ «ጃፓን ቻይና!» ማለት ጀመሩ፤ እሱም በዚያ ተስማማ።

ጠዋት ጠዋት ይሮጥ ነበር። ብቻውን ሲሮጥ አይቶት አብሮት የጀመረው ዱካሌ ነው። ዱካሌ የኢዲዶ ገጠር ልጅ ነው፤ እናቱ አዴ ማርታ ባሏ ከሞተባት በኋላ በሰው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና እያገላበጠች ያሳደገችው አንድ ልጅ። ዲላ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ሲሆን የሳምንት ቆጮውን ሊያመጣ ኢዲዶ ይወጣል። የሚሮጠው በኮንጎ ጫማ ነበር። ኮንጎን ለማታውቁ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል ጫማ ነው። ኬንጂ ያን አይቶ የራሱን አንድ ጥንድ ሰጠው፤ ቢሰፋውም ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሶ ሮጠበት። በወናጎ መንገድ ወጥተው፣ ፀሐይ ስትፈነጥቅ ላባቸውን እያንጠባጠቡ ሲመለሱ እኔ ሱቄን ስከፍት እንገናኛለን። ዱካሌ ቀልደኛ ነበር። ሥጋ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ የኬንጂን አሯሯጥ፣ የኬንጂን ሰላምታ፣ የኬንጂን አማርኛ ሲያስመስል ኬንጂ ራሱ ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ዳር ሕንፃ ተደርድሯል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ሲሮጡ አያለሁ፤ አንዱም ለሌላው ሲስቅ ግን አላይም።

ከዚያ ኬንጂ መጋጨት ጀመረ። መጀመሪያ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ የቆመ ጋሪ ገጨ፤ አንድ ምሽት ደግሞ ግቢያችን ሲገባ የባለቤቴን የልብስ ሳፋ ከነውሃው ረግጦ ገለበጠው። ዱካሌ መጥቶ «ጋሽ ከድር፣ ይሄ ሰውዬ ጎህ ሳይቀድ ምንም አያይም እኮ፤ ዛሬ ላም ገጭቶ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት» አለኝ። ሳቅን። እኔም ወዲያው «ዳፍንት ነው» አልኩ። እኛ ዘንድ ዳፍንት ለያዘው መድኃኒቱ ጉበት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ለአጎቴ ልጅ ሠርቷል፣ ለጎረቤታችን ሠርቷል፣ ለጃፓን የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሬው እንደታረደ፣ ከጉበቱ መልካም መልካሙን ለኬንጂ አስቀምጥ ጀመር። ባለቤቴ ሌላውን ስትጠብስ ነጠላ ከራሱ ላይ ደርባ እንፋሎቱን ታሳጥነዋለች፤ እኔ ጥሬውን በሚጥሚጣ አቀብለዋለሁ። ሰዎች ሊያዩ ይሰበሰቡ ነበር። ኬንጂ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ በዝግታ «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ሳያላምጥ ይውጠዋል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ እኛ ሚጥሚጣው ነው እያልን እናበረታታዋለን። «ተሻለህ?» ስለው «ትንሽ» ይለኛል። በየሳምንቱ «ትንሽ» ነበር።

ዓይኑ ግን እየባሰበት ሄደ። ሩጫውን ሊተው ሲል ዱካሌ ከኢዲዶ አንድ ገመድ ይዞ መጣ፤ አዴ ማርታ ከእንሰት ቃጫ በእጇ የገመደችው አጭር ገመድ። አንዱን ጫፍ በኬንጂ እጅ ጠመጠመ፣ ሌላውን በራሱ፤ ጎን ለጎን መሮጥ ጀመሩ። ዱካሌ እየሮጠ «ግራ፣ ድንጋይ፣ አህያ፣ አሁን ዳገት» ይለዋል። ይህን ያየ የዲላ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? ጃፓኑ አብዶ ዱካሌ አስሮ ጠበል እየወሰደው ነው ተባለ። አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው የትኛው ጠበል እንደሆነ ጠየቁት፤ ዱካሌ ከት ብሎ እየሳቀ «ወናጎ ድረስ ሮጠን እንመለሳለን፣ ከዚያ ይሻለዋል» አላቸው። ምስኪን ሴትዮ፣ እግዚአብሔር ይማረው ብለው መረቁት።

በዚያው ሰሞን አንድ ንጋት ኬንጂ ለሩጫ ሲወጣ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው ዝም ብለው ቆመው አገኘ። እኔም መሀላቸው ነበርኩ። ቀረብ ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መርዶ ነው አልኩት። የጎረቤታችን እናት ሀገር ቤት ሞተው ከርመዋል፤ ሰውየው ግን ገና አልሰማም፤ ንጋት ላይ በርከት ብለን ሄደን፣ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ባለበት ነው የምንነግረው አልኩት። ኬንጂ ሩጫውን ትቶ አብሮን ቆመ። ሰውየው በሩን ከፍቶ እኛን ሲያይ፣ ገና ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ጮኸ። ኬንጂ በኋላ «ሳትነግሩት አወቀ» አለኝ። «ጎህ ሲቀድ ብዙ ሰው ደጅህ ከመጣ ሌላ ምን ይሆናል?» አልኩት።

ወደ ሀገሩ ሊመለስ ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ። የእናቱ ወንድም እንዲሁ ታውሯል፤ እሱም ገና ተማሪ ሳለ ሐኪሞች ዓይኑ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋና መድኃኒት እንደሌለው ነግረውታል፤ ሳይጠፋ ሰፊ ሀገር ልይ ብሎ ነው የመጣው። ደነገጥኩ፤ ከመደንገጤ ግን ንዴቴ ባሰ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጉበት ለምን ትበላ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። «እርስዎ ሲቆርጡልኝ ደስ ይልዎት ነበር» አለ። የሻንጣውን ዚፕ እየጎተትኩ ፊቴን አዞርኩበት። የቃጫ ገመዷን ይዟት ሄደ።

ሀገሩ ገብቶ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ሩጫውን ግን አልተወም፤ ዓይነ ስውር ከሚያይ ሰው ጋር በገመድ ተያይዞ የሚወዳደርበት ውድድር እንዳለ፣ እዚያም መግባቱን በሥጋ ቤቱ ስልክ ደውሎ ነገረን። ያኔ በሠፈሩ ስልክ ያለው እኔ ጋ ብቻ ስለነበር ዱካሌ ሲደወል ከየትም እየሮጠ ይመጣል። መጀመሪያ በሀገሩ ሰው ተመርቶ ሮጠ፣ አሸነፈም፤ ለትልቁ የዓለም ውድድር ግን ዱካሌ እንዲመራው ፈለገ። የሚሮጥበት ቡድን ተስማማ፤ የዱካሌ ፓስፖርት ወጣ። ጉድ ነው ያልነው! የኢዲዶ ልጅ ጃፓን ሊሄድ ነው ተብሎ የካሴት ሱቁ ባለቤት ሳይቀር አንድ ካሴት በነፃ ሰጠው። አዴ ማርታ ያን ሰሞን ከኢዲዶ ወርዳ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ፊቷ በርቶ ነበር። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» ነው የሚለው፤ «ጋሽ ከድር፣ ዱካሌ እኮ ሄደች» ትለኛለች፤ «ሄደች፣ ቆጮ ግን እዛ የለም፣ ምን ትበላለች?»

አልሄደም። አንድ ንጋት በወናጎ መንገድ ሲለማመድ ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ የሚወርድ መኪና ገጭቶ ገደለው። ለቀማ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው ያገኙት። ዓይኑ በእናቱ ሻሽ ታስሮ ነበር። አንዱ ጸሎት ላይ ነበር አለ፣ ሌላው ጤነኛ አልነበረም አለ፤ ምክንያቱን የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች። ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ ከሰው ለየችኝና ነገረችኝ። ኬንጂ ነው በስልክ ያለው፤ አንዳንዴ ዓይንህን ጨፍነህ ሩጥ፣ ያኔ ለእኔ ምን ምን መናገር እንዳለብህ ታውቃለህ ብሎት። «የጃፓን ልጅ እዛ ብቻዋን ናት» አለችኝ። «በስልክ እንዳትነግራት። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ስትመጣ እኛው እንነግራታለን። የሻሹን ግን ስትመጣም አንነግራትም። አንዲት ልጅ ሞተች፤ ሌላዋን እኛ አንገድልም።» እያለቀሰች አልነበረም ይህን ስትል። እኔም በአላህ ስም ቃል ገባሁላት።

ዛሬ ልጆቹ ሞትን በስልክ ይለጥፋሉ፤ የሟች እህት ገበያ መሀል ቆማ ስልኳ ላይ አንብባ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ በስልክ መርዶ የሚያረዳ ሰው እኛ ሠፈር አልተወለደም። ኬንጂ ሲደውል «ዱካሌ ኢዲዶ ነው» አልኩት፤ የተቀበረው እዚያው ስለሆነ አልዋሸሁም። ደግሞ ደወለ፤ ኢዲዶ ነው አልኩት። «ለምን አይደውልልኝም?» አለ። ኢዲዶ ስልክ የለም አልኩት። በመጨረሻ «ካልፈለገ አልፈልግም ይበለኝ፣ እርስዎ ለምን ይጨነቃሉ» አለና ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ይመጣል ስንል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ድምፁ ጠፋ፣ የካሴት ሱቁም ተዘጋ፣ ጋሪውም ጠፋ፣ ባለቤቴም ሞተች። አንድ ቀን የመጨረሻዋ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ፤ ኬንጂ ከማላውቀው ሰው ጋር በገመድ ተያይዞ ይሮጣል። ፈጣን ሆኗል፣ ፊቱ ግን ጠቁሯል፣ ያ ላም ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አልመስል አለኝ። ሜዳሊያ አጠለቁለት። ከሥሩ የተጻፈውን ልጄ ተረጎመችልኝ፤ እንዴት እንደጀመረ ሲጠይቁት «መጀመሪያ ገመዴን የያዘው ጓደኛዬ ለቀቀኝ፤ ከዚያ በኋላ በንዴት ነው የሮጥኩት» ብሏል። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ለአዴ ማርታም አልነገርኳትም።

ባለፈው የቡና ለቀማ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ነጭ ጸጉር ያለው ሰው እየመራች መጣች። ገና ሰላም ሳልል «ጋሽ ከድር፣ አሁንም ጉበት ይሸታሉ» አለኝ። ኬንጂ ነው። አቅፌው አለቀስኩ፤ እሱም በናፍቆት መሰለው። የእህቱ ልጅ ነች የምትመራው። ሩጫውን አቁሟል፤ አማርኛው ዝጓል፣ ግን አለ። ሻይ ሳይቀርብ «ዱካሌ አለ?» አለ። ምሽት ሊሆን ነው፤ ምሽት ላይ መርዶ አይነገርም። «ነገ ጠዋት ሆቴልህ እንመጣለን» አልኩት። «ብዙ ዓመት ተቆጥቼበታለሁ» አለ፤ «አሁን አርጅቻለሁ፣ ይበቃኛል። ጎህ ሲቀድ ይምጣ በሉት፤ ትንሽ እንሮጣለን።» ልጄን በሞተር ኢዲዶ ላክሁት። አዴ ማርታ ጎብጣ፣ በምርኩዝ፣ መጣች፤ እኛ ቤት አደረች። ገና በሩ ላይ «የሻሹን አትነግራትም» አለችኝ፤ አልነግረውም አልኳት።

ንጋት ላይ እኔ፣ አዴ ማርታና ሁለት ጎረቤቶቼ ጋቢያችንን ለብሰን ሄድን። ኬንጂ የሩጫ ልብሱን ለብሶ የሆቴሉ ግቢ መሀል ቆሟል። እጁ ላይ ያቺ የቃጫ ገመድ አለች፤ ጠቁራለች፣ አንዱ ጫፍ በእጁ ተጠምጥሟል፣ ሌላው ተንጠልጥሏል። «ዱካሌ?» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ራሱን ዘንበል አድርጎ እግራችንን አዳመጠ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጋሽ ከድር፣ ለምንድን ነው ብዙ ሰው የሆናችሁት?»

ቀረብ ብዬ ክንዱን ያዝኩ።

«ዱካሌ ነው?»

«ዱካሌ ነው፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«ያኔ። ወደ አንተ ሊመጣ ሲል።»

ሲወድቅ ሁለቱ ጎረቤቶቼ ብብቱን ይዘው መሬት አስቀመጡት፤ አዴ ማርታ ራሱን ደረቷ ላይ አድርጋ በጌዴኦኛ ሙሾ አወረደች። የሆቴሉ ዘበኛ ባርኔጣውን አወለቀ። ኬንጂ በሀገሩ ቋንቋ አንድ ነገር እየደጋገመ ይጮኻል፤ ምን እንደሚል የእህቱን ልጅ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። እንደ ሥርዓቱ አለቀስን። ፀሐይ ወጣች፣ ባጃጆቹም መንጫጫት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ነው ፊቱን ጠርጎ ቀና ያለው።

«እንዴት ሞተ?»

«መኪና ገጨው» አልኩት። «በወናጎ መንገድ፣ ሲሮጥ።»

ጣቶቹ ገመዷን ሲያፍተለትሉ አያለሁ። «ዓይኑን ሸፍኖ ነበር?» አለ። «እኔ ነኝ በስልክ ያልኩት። ዓይንህን ጨፍነህ ሩጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አዴ ማርታ ከእኔ ቀደመች። «አልሸፈነችም» አለች። «ዓይኗ ክፍት ነበረች። መኪናዋ ናት ያላየችው።»

ኬንጂ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ጋሽ ከድር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ነቅንቄ ጠበቅሁ። እሱም ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ይጠብቃል። ከዚያ ነው የማያይ ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ፤ በአፌ መናገር ነበረብኝ። «አዎ» አልኩት፣ «ዓይኑ ክፍት ነበር።»

አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ገጥሞ በዝግታ «እሺ» አለ። ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉበቱን ሳቀብለው የሚላት ናት።